ዓሣ ነባሪዎችንና ኦርካዎችን ሳያውኩ መመልከት፦ የተፈቀደውን ርቀት መጠበቅ ብቻ ይበቃል?

ጠረፍ ተመልካች፦

የተከበራችሁ አባላት፣ በመጪው ሐምሌ ከቤተሰቤ ጋር ወደ ሳሊሽ ባሕር ለመሄድ አስበናል። ይህ በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛትና በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ መካከል የሚገኝ፣ በደሴቶች የተሞላ የባሕር ክፍል ሲሆን ኦርካዎች (ጥቁርና ነጭ መልክ ያላቸው አዳኝ የባሕር አጥቢዎች) እና ሌሎች ዓሣ ነባሪዎች ከዳርቻው ብዙም ሳይርቁ ይታዩበታል። ልናያቸው የምንጓጓውን ያህል እንዳንጎዳቸውም ስለምንሰጋ ደንቦቹን አስቀድሜ ማንበብ ጀመርኩ። ሆኖም አንዱ ጽሑፍ 100 ሜትር ይላል፤ ሌላው 200 ያርድ፣ ሌላው 400 ሜትር፣ ሌላው ደግሞ 1,000 ያርድ። የትኛውን ልከተል? ከአስጎብኚ ጀልባዎች መካከል ጠንቃቃውን ከግዴለሹ በምን እለያለሁ? ወይስ ጀልባውን ትተን ከየብስ ሆነን ብንመለከት ይሻላል? በጉዳዩ ላይ የቆያችሁ ሰዎች በዝርዝር ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ማዕበል፦

ጥያቄዎን አስቀድመው ማንሣትዎ መልካም ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ከጉዞው በኋላ ነው። ቁጥሮቹ የበዙት በአንድ ባሕር ላይ የሁለት አገሮች ሕግ ስለሚሠራና፣ ከዚያም በላይ፣ በመልክ የሚመሳሰሉ ነገር ግን አኗኗራቸው ፈጽሞ የተለያየ ሁለት ዓይነት ኦርካዎች በዚያው ውኃ ስለሚመላለሱ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ የደቡብ ነዋሪ ኦርካዎች ይባላሉ። ጄ፣ ኬ እና ኤል በሚል ፊደል በተለዩ ሦስት የቤተሰብ ቡድኖች የሚኖሩ ሲሆን ቁጥራቸው 75 አካባቢ ብቻ ነው። ምግባቸው ዓሣ፣ ከዓሣም ይበልጡን ቺኑክ የተባለው ትልቁ ሳልመን ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በርካታ ግልገሎቻቸው በመረብ ተይዘው ለሕዝብ መዝናኛ ወደ ገንዳዎች ተወስደዋል፤ ከእነዚህም ሁሉ በ1970 በፔን ኮቭ የተደረገው ማጥመድ ዛሬም በሐዘን ይታወሳል። አሜሪካ በ2005 ለመጥፋት የተቃረቡ ብላ መዝግባቸዋለች። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማንኛውም ጀልባ ከእነርሱ 1,000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ያህል፣ እንዲርቅ ያዝዛል። ሁለተኛዎቹ የቢግ ኦርካዎች የሚባሉት፣ በ1970ዎቹ ኦርካዎችን በፎቶግራፍ አንድ በአንድ መለየትን ባስጀመረው በካናዳዊው ተመራማሪ በማይክል ቢግ ስም የተሰየሙት ናቸው። እነዚህ አቆስጣዎችንና የባሕር አንበሶችን ያድናሉ፤ ምግባቸው ስለተትረፈረፈም ቁጥራቸው እያደገ ነው። በዋሽንግተን የውስጥ ውኆች ለኦርካዎች በሙሉ በ2011 የወጣው የፌዴራል ደንብ 200 ያርድ ርቀትን ያስገድዳል፤ መንገዳቸውን መዝጋትንም ይከለክላል። ካናዳ በበኩሏ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደቡባዊ ጠረፍ ከ2019 ጀምሮ በየጊዜው በሚታደስ ትእዛዝ ለኦርካዎች 400 ሜትር ስታስጠብቅ ቆይታለች፤ ትእዛዙ ስለሚታደስም የሚጓዙበትን ዓመት ጽሑፍ ማንበብ ይኖርብዎታል። 100 ሜትር የሚለው ቁጥር እንደ ሃምፕባክ ላሉት ትልልቅ ዓሣ ነባሪዎች የተቀመጠው ነው።

እንግዲህ ከሩቅ የታየ ጥቁር የጀርባ ክንፍ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ልምድ የሌለው ተመልካች መለየት አይችልም። ስለዚህ የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ማንነቱ በእርግጠኝነት እስኪታወቅ ድረስ ማንኛውንም ኦርካ የደቡብ ነዋሪ እንደሆነ ቆጥረው ሰፊውን ርቀት ይጠብቁ።

ነገር ግን ርቀቱን ማክበር የጉዳዩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ ዋናው ነገር ድምፅ ነው። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም በአየር ላይ ከሚጓዝበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ዓሣ የሚመገበው ኦርካ ቺኑኩን የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን አጫጭር የጠቅታ ድምፆችን ወደ ፊት ልኮ፣ ከዓሣው አካል ነጥሮ የሚመለሰውን ማስተጋባት በማዳመጥ ነው። የሞተር ጩኸት ያንን ደካማ ማስተጋባት ሲሸፍንበት የሚያድንበት ስፋት ይጠብበታል። በ2021 የታተመ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ተመራማሪዎች ጥናት፣ በሚጣበቅ መመዝገቢያ መሣሪያ አማካይነት የኦርካዎቹን እንቅስቃሴ ተከታትሎ፣ ጀልባዎች በአማካይ ከ400 ያርድ ባነሰ ርቀት ሲገኙ ኦርካዎቹ ለአደን የሚያደርጉት ጥልቀት መግባት እንደሚቀንስና በተለይ ሴቶቹ አደናቸውን አቋርጠው እንደሚተዉ አሳይቷል። ሴቶቹ የያዙትን ሳልመን ከግልገሎቻቸውና ከዘመዶቻቸው ጋር የሚካፈሉ በመሆናቸው፣ አንዲት እናት ያቋረጠችው አደን ከእርሷ አልፎ የሌሎችንም ሆድ ባዶ ያስቀራል።

ለዚህ ነው ዓይናችንን ከርቀት መለኪያው ይልቅ በእንስሳው ላይ ማድረግ ያለብን። የሚጓዝበትን አቅጣጫ በድንገት ከለወጠ፣ ከወትሮው ረዝሞ ውኃ ውስጥ ከቆየ፣ ተራርቀው ሲያድኑ የነበሩት በአንድ ላይ ከተጠጋጉ፣ ወይም ጅራቱን ደጋግሞ በውኃው ላይ ከመታ፣ ሕጋዊውን ርቀት ጠብቀንም ቢሆን እያወክነው ሊሆን ይችላልና ቀስ ብሎ መራቅ ይገባል።

አርምሞ፦

ወንድማችን ማዕበል በጻፉት እስማማለሁ፤ ከጻፉት ግን የምደርስበት መደምደሚያ የተለየ ነው። የሞተር ድምፅ አደናቸውን የሚያቋርጥ ከሆነ፣ እኛ ለመደሰት ብለን በጀልባ የምንሄድበት ምክንያት ምንድን ነው? በሳን ሁዋን ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኘው የላይም ኪልን ፖይንት መናፈሻ ለዚሁ ተግባር የታወቀ ነው። በዚያ የባሕሩ ወለል ከድንጋዩ ሥር ወዲያው ወደ ጥልቅ ስለሚወርድ ኦርካዎች በወቅታቸው ለየብስ በጣም ተጠግተው ያልፋሉ። ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ማይክሮፎንም ስላለ ድምፃቸውን ለማዳመጥ ይቻላል። ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው ምንም ጩኸት አያሰማም፤ መንገድ አይዘጋም፤ አያሳድድም።

በደቡብ አፍሪካዋ ኸርማነስ ከተማም እንዲሁ ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባሉት ወራት የደቡብ ራይት ዓሣ ነባሪዎች ሊወልዱና ሊያጠቡ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲገቡ፣ ሰዎች በገደሉ አፋፍ በሚያልፈው የእግር መንገድ ላይ ቆመው እናቲቱንና ግልገሏን ከጀልባ ከሚታየው ባላነሰ ቅርበት ያዩአቸዋል። በዚያ አገር ፈቃድ የሌለው ጀልባ ከ300 ሜትር በላይ መጠጋት አይችልም።

ስለዚህ ጠረፍ ተመልካች ሆይ፣ የመረጡት የብዕር ስም ራሱ መልሱን ይዟል ብዬ አምናለሁ። ጥሩ አቅርቦ ማያ መነጽርና ትዕግሥት ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንድ ቀን ምንም ላይታይ ይችላል፤ ያም ቢሆን የዱር እንስሳ በእኛ ቀጠሮ እንደማይመጣ ለልጆች ማሳየት በራሱ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

ቀዛፊ፦

በአስጎብኚ ጀልባ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁና የእኅታችን የአርምሞን ሐሳብ አክብሬ በአንድ ነጥብ ላይ መለየት እፈልጋለሁ። በጥሩ ሁኔታ የሚመራ ጀልባ ለእንስሶቹ መከላከያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዓሣ አጥማጁም ሆነ የግል ጀልባ ያለው ሰው በአካባቢው ኦርካ መኖሩን ሳያውቅ በሙሉ ፍጥነት ሲመጣ፣ ቀድሞ ቆሞ የሚጠብቀው የአስጎብኚ ጀልባ ዓሣ ነባሪ በአቅራቢያ መኖሩን የሚያሳውቀውን የማስጠንቀቂያ ባንዲራ አውጥቶ ወይም በሬዲዮ ጠርቶ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ያደርገዋል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። እግራቸው ድንጋይ ለማይወጣላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞችም ጀልባው ብቸኛው ዕድላቸው ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ጀልባ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱም የሚታየው በአነዳዱ ነው። ጠንቃቃ ካፒቴን ከእንስሳው ግማሽ የባሕር ማይል፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚያንስ ርቀት ላይ እያለ ፍጥነቱን ወደ 7 ኖት፣ በሰዓት ወደ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያወርዳል። የሚቀንሰውም ግጭትን ፈርቶ ብቻ አይደለም። የሞተሩ ውልብልቢት በፍጥነት ሲሽከረከር በዙሪያው ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ከፍተኛው ጩኸት የሚመጣውም እነዚህ አረፋዎች ሲፈነዱ ነው። ፍጥነት ሲቀንስ ይህ ጩኸት በብዙ ይወርዳል። በተመሳሳይ ምክንያት ከ2017 ጀምሮ በቫንኩቨር ወደብ መርሐ ግብር አስተባባሪነት ታላላቅ የጭነት መርከቦች በሀሮ ወሽመጥ ሲያልፉ በፈቃደኝነት ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው አቀራረቡ ነው። ከፊት ለፊታቸው አይመጣም፤ ከኋላም አይከተላቸውም፤ በጎናቸው፣ በተመሳሳይ አቅጣጫ፣ ርቀቱን ጠብቆ ይጓዛል። ከሁሉም የከፋው ልማድ እንስሶቹን በሩቁ ቀድሞ ሄዶ በመንገዳቸው ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ተሳፋሪው «ራሳቸው መጡልን» ብሎ ይደሰታል፤ እውነቱ ግን ጀልባው መንገዳቸው ላይ ገብቶባቸዋል። እንዲሁም ቡድኑን ለሁለት መክፈል፣ በጀልባና በየብስ መካከል ማጣበብ፣ ከሌሎች ጀልባዎች ጋር ሆኖ መክበብ በየትኛውም ባሕር ላይ ነውር ነው። ጥሩ ካፒቴን በሥፍራው ቀድመውት የደረሱ ጀልባዎች ካሉ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ከአንድ ቡድን ጋርም ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይም። የማያስፈልግ ከሆነ የጥልቀትና የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያውን ያጠፋል፤ መሣሪያው የሚልከው ድምፅ ኦርካዎች በሚሰሙት ክልል ውስጥ ሊወድቅ ይችላልና።

እንስሳው ራሱ ወደ ጀልባው ቢመጣስ? ለደኅንነት የሚያሰጋ ነገር ከሌለ ሞተሩን ከማርሽ አውጥቶ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። መሸሽም ሆነ መከተል አያስፈልግም።

የወንዝ ልጅ፦

በዚህ ሁሉ መካከል ሳልመኑን እንዳንረሳው እፈራለሁ። የደቡብ ነዋሪ ኦርካዎች ትልቁ ችግር ረሃብ ነው። በ2017 የታተመ ጥናት በ2008 እና በ2014 መካከል ከነበሩት እርግዝናዎች እስከ 69 በመቶ የሚሆኑት ሳይሳኩ መቅረታቸውንና ይህም ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል። በ2018 ታሌኳ የተባለችው፣ በመዝገብ ቁጥሯ ጄ35፣ የሞተ ግልገሏን ለ17 ቀናት በራሷ ተሸክማ ስትዋኝ ዓለም ሁሉ አይቷል። ቺኑኩን ያመናመኑት በወንዞች ላይ የተሠሩ ግድቦች፣ የመራቢያ ጅረቶች መበላሸት፣ ለረጅም ዘመን የተደረገ ከመጠን ያለፈ ማጥመድና የውኃው መሞቅ ናቸው። በዚህ ላይ በስባቸው ውስጥ የሚከማቹ የቆዩ የኢንዱስትሪ መርዞች አሉ፤ የተራበ እንስሳ ስቡን ሲያቃጥል መርዙም አብሮ ወደ ደሙ ይለቀቃል።

ስለዚህ የአንድ አስጎብኚ ጀልባ ጥፋት ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው የሚል ሰው አለ። እኔ ግን በተቃራኒው አስባለሁ። ዓሣ በበዛበት ዘመን አንድ አደን ቢቋረጥበት ኦርካው ሌላ ያገኛል፤ ዓሣ ባነሰበት ዘመን ግን እያንዳንዷ የተቋረጠች አደን ዋጋዋ ይከብዳል። ግድብ ማፍረስ ዓመታት ይፈጃል፤ በዋሽንግተን የኤልዋ ወንዝ ላይ ሁለት ግድቦችን ለማንሣት ብቻ ከ2011 እስከ 2014 ፈጅቷል። ጩኸትን ግን ዛሬውኑ፣ ሞተሩን በያዘው እጅ፣ መቀነስ ይቻላል።

ጠረፍ ተመልካች፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ እንስሳውን ራሱን መመልከት እንዳለብኝ የተነገረኝ ነገር ያነበብኳቸው ደንቦች ሁሉ ያልነገሩኝ ነው። ሁለት ነገሮችን ልጨምር። ትልቁ ልጄ ካያክ መቅዘፍ ይወዳል፤ ካያክ ሞተር የለውምና ችግር የለውም ብሎ ያምናል። የእኅቴ ልጅ ደግሞ ድሮን አለው፤ ከላይ ሆኖ መቅረጽ ከጀልባ ይሻላል ይላል። እነዚህስ እንዴት ይታያሉ?

ማዕበል፦

ስለ ካያኩ፣ የዋሽንግተን የ1,000 ያርድ ሕግ ሞተር ያለውንና የሌለውን አይለይም፤ ካያክም፣ የመቅዘፊያ ሰሌዳም፣ የሸራ ጀልባም በሕጉ ውስጥ ናቸው። ዝምታውም ሁልጊዜ በጎ አይደለም፤ በድምፅ ያልታወቀ ነገር በድንገት ከጎኑ ሲገኝ የሚያርፈውም ሆነ የሚያጠባው እንስሳ ይደነግጣል። ልጅዎ በካያክ ላይ ሳለ ኦርካዎች ወደ እርሱ ሲመጡ ካየ፣ መንገዳቸውን ለቆ ወደ ዳርቻው ተጠግቶ፣ ከቻለም የባሕር እንክርዳድ ካለበት አጠገብ ሆኖ፣ ከሌሎቹ ካያኮች ጋር ተሰብስቦ እስኪያልፉ ይጠብቅ። በቫንኩቨር ደሴት የሚገኘው የሮብሰን ባይት ጥብቅ ሥፍራ በ1982 የተከለለው ከደቡብ ነዋሪዎቹ የተለዩት የሰሜን ነዋሪ ኦርካዎች ሆዳቸውን ለስላሳ ጠጠር ላይ የሚያሻሹበት ዳርቻ ስለሆነ ነው፤ እዚያ ካያክም ቢሆን መግባት የለበትም።

ድሮኑን ቤት ይተዉት። ካናዳ አውሮፕላንን የሚመለከተውን ደንብ በድሮንም ላይ ታስፈጽማለች፤ በባሕር አጥቢዎች አካባቢ ከ304 ሜትር በታች ማብረር አይፈቀድም። ተመራማሪዎች በድሮን የሚቀርጹት በልዩ ፈቃድ፣ የእንስሶቹን ክብደትና ጤና ለመለካት ነው።

ዓለም አቀፍ ተጓዥ፦

በሌሎች ባሕሮች ያለው ሁኔታ ንጽጽሩን ስለሚያሰፋው ጥቂት ልበል። በኒውዚላንድ የ1992 ደንብ መሠረት ጀልባ ለዓሣ ነባሪ ከ50 ሜትር በላይ አይጠጋም፤ እናት ከግልገሏ ጋር ስትሆን ርቀቱ 200 ሜትር ይሆናል፤ በ300 ሜትር ክልል ውስጥም ከሦስት በላይ ጀልባዎች በአንድ ጊዜ መገኘት የለባቸውም። የጀልባዎችን ብዛት መወሰኑን ከሁሉም በላይ እወድደዋለሁ፤ እያንዳንዱ ርቀቱን ቢጠብቅም የአሥር ጀልባዎች ጩኸት በአንድነት ሌላ ነገር ነውና። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ደግሞ ከ400 ያነሱ ብቻ ለቀሩት የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዓሣ ነባሪዎች 500 ያርድ መራቅ ግዴታ ነው፤ ርዝመታቸው ከ20 ሜትር ገደማ ጀምሮ የሆኑ መርከቦችም በተወሰኑ ወቅቶችና ሥፍራዎች ከ10 ኖት በላይ እንዳይጓዙ ከ2008 ጀምሮ ተደንግጓል፤ ከገዳዮቻቸው አንዱ የመርከብ ግጭት ነውና።

በሜክሲኮ የሳን ኢግናሲዮ ባሕረ ሰላጤ ግን የሚገርም ነገር ይታያል። ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ራሳቸው ወደ ትንንሾቹ ጀልባዎች ይመጣሉ፣ ግልገሎቻቸውንም ይዘው ይጠጋሉ። ይህ የሆነው ባሳደዷቸው ጀልባዎች አይደለም፤ ጀልባዎቹ የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው የተገደበ ነው፤ የሰላጤው ውስጠኛ ክፍልም ለእናቶችና ለግልገሎች ብቻ ተትቷል። ይህን አይቶ የሚመለስ ሰው በሌላ ባሕርም እንደዚያው ለመንካት እጁን ከዘረጋ ግን ትልቅ ጥፋት ያደርሳል። በሰሜን ኖርዌይ፣ ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ ተከትለው በክረምት በሚመጡት ኦርካዎች መንገድ ላይ ከጀልባ እየዘለሉ ውኃ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች መብዛት በጣም ያሳስበኛል። እንስሳው እየበላ ሳለ በምግቡ መካከል መግባት እንዴት ፍቅር ተብሎ እንደሚጠራ አይገባኝም።

አርምሞ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ፎቶግራፍ ካነሣችሁ የተነሣበትን ሥፍራና ሰዓት በዚያው ቅጽበት ለሁሉም አታሰራጩ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጀልባዎች ይጎርፋሉ። ያያችሁትን ማሳወቅ ከፈለጋችሁ በካናዳ ኦሽን ዋይዝ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው የመመዝገቢያ መተግበሪያ አለ፤ ከእርሱ የሚገኘው ማንቂያ ለንግድ መርከብ ካፒቴኖች ይደርሳቸውና ፍጥነት ይቀንሳሉ ወይም መንገድ ይለውጣሉ። በተጨማሪም በረጅም ሌንስ የተነሣ ሥዕል እንስሳው ጀልባው አጠገብ ያለ ያስመስለዋል። ፎቶውን ለሌሎች ስታሳዩ ከምን ያህል ርቀት እንደተነሣ ጻፉበት፤ ያ ካልሆነ የሚያየው ሰው ያንኑ ቅርበት ከካፒቴኑ ይጠይቃል።

ጠረፍ ተመልካች፦

ከቤተሰቤ ጋር ተነጋግረን አብዛኛውን ጊዜያችንን በየብስ ለማሳለፍና እናቴ ድንጋያማውን መንገድ ስለማትችለው አንድ ቀን ብቻ በጀልባ ለመውጣት ወስነናል። ከመክፈሌ በፊት አስጎብኚዎቹን በስልክ ምን ብጠይቃቸው ማንነታቸውን እረዳለሁ?

ቀዛፊ፦

በመጀመሪያ ከደቡብ ነዋሪ ኦርካዎች ጋር ብትገናኙ ምን እንደምታደርጉ ንገሩኝ ይበሏቸው። ጥሩው አስጎብኚ «ርቀታችንን ይዘን እናልፋለን፤ ሃምፕባክ ወይም የባሕር ወፎችን ወደምናይበት እንሄዳለን» ይላል። ሁለተኛ፣ በጀልባው ላይ የተፈጥሮ ባለሙያ መኖሩንና እንስሶቹን በጀርባ ክንፋቸውና ከክንፉ በስተኋላ ባለው ግራጫ ምልክት መለየት መቻሉን ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ ማስታወቂያቸውን ይመልከቱ። በጀልባው ጠርዝ ሥር ኦርካ ሲዘል የሚያሳይ ሥዕል ለጥፎ «በቅርበት እናሳያችኋለን» የሚል ድርጅት ተሳፋሪው የሚጠብቀውን ለመሙላት ካፒቴኑን ወደ ፊት የሚገፋ ድርጅት ነው። «ካላያችሁ ሌላ ቀን በነፃ» የሚለው ተስፋ ግን በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ካፒቴኑ በዚያ ቀን በግድ እንስሳ ፍለጋ እንዳያሳድድ ሊያደርገው ይችላል።

የሸራ ጀልባ፦

ስለ ሃምፕባክ አንድ ያልተነሣ ነገር አለ። ሃምፕባክ እንደ ኦርካ በድምፅ ማስተጋባት አካባቢውን አይመረምርም፤ ስለዚህ ነፋስ ብቻ እየገፋው በዝምታ የሚጓዝ ሸራ ጀልባ መኖሩን ላያውቅ ይችላል። እስከ 16 ሜትር የሚረዝምና ከ30 ቶን በላይ የሚመዝን እንስሳ ሳይታሰብ ከሥር ቢወጣ ለእርሱም ለጀልባውም አደጋ ነው። የእንፋሎት ትንፋሹን በሩቁ ያየ ሸራ ነጂ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ ሞተሩንም ያለ ማርሽ አስነሥቶ በዝቅተኛ ድምፅ መኖሩን ያሳውቅ።

እንዲሁም ገመድ ወይም የሸርጣን ወጥመድ የተጠላለፈበት እንስሳ ካያችሁ ገመዱን ለመቁረጥ አትሞክሩ፤ ውኃ ውስጥም አትግቡ። ከላይ የሚታየው ገመድ ከተቆረጠ የሠለጠኑት አዳኞች የሚይዙት ነገር ያጣሉ፤ ሥጋው ውስጥ የጠበቀው ግን እንደተጠላለፈ ይቀራል። በሬዲዮ 16ኛው መስመር የባሕር ጠባቂዎችን ጠርታችሁ፣ እነርሱ እስኪደርሱ በሩቁ ሆናችሁ እንስሳው ከዓይናችሁ እንዳይጠፋ ተከታተሉት።